ጭላዳ ወይስ ቢራቢሮ? ጉና ሥር የተሟገትንበት ቀን

ንጋት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ እኔ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮን በዓይኔ በብረቱ ላየው ነው! አብሮኝ የተሳፈረው ጓደኛዬ ሙሉቀን የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እሱ የሚሄደው ለቢራቢሮ ነው። የምናርፈው እህቱ ትርንጎ ዘንድ ነው። ከቤይሩት ተመልሳ ጉና ሥር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ከፍታለች። ዛሬ ሠዓሊ መጥቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ይስልላታል፤ ምን ይሳል የሚለውን ለእኛ ትታዋለች።

«ጭላዳ ነዋ!» አልኩ። «ከእኛ አገር ሌላ የትም የለም። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ለሱ ነው።»

«የኔዋ ቢራቢሮ ባሕሩን ራሷ ነው የምታቋርጠው፤ ያቺን ታህል ሆና!» አለ ሙሉቀን።

ሾፌሩ በመስታወት አየን። «እናንተ ሰዎች፣ ቁርስ በልታችኋል?»

ረፋድ፣ ከገሳይ ወዲያ

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ነው። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ማረፊያው ስንደርስ ትርንጎ ትኩስ ቂጣ በአዋዜ አብልታን ወዲያው በማሳው ዳር ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደችን።

ወይ ጉድ! ጭላዳዎቹ ደረታቸው ቀይ፣ ጎፈሬያቸው ነፋስ የሚበትነው፣ ቁጭ ብለው ሣር በሁለት እጃቸው እየነጩ ይጎርሳሉ። ጮቤ ረገጥኩ። ገሚሶቹ ገና ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው እሾኻሙ ኮሸሽላ አበባ ላይ አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ እሷም ትሞቃለች። ለካ ሁለቱም ፀሐይ ካላገኙ ሥራ አይጀምሩም!

«ሌባውን ነው ግድግዳሽ ላይ የምትስይው?»

ዘወር ስንል ወንጭፍ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። አባ ጥጋቡ ናቸው፣ የገብሱ ባለቤት፤ የሥዕሉን ወሬ ሰምተው ኖሯል።

«እህሌን የሚጨርሰው እሱ! እሱ ከተሳለ በማሳዬ ዳር እንግዳ አላሳልፍም።»

ትርንጎ ክው አለች። ወደ ገደሉ ሌላ መንገድ የለም። እንግዳ ካልመጣ ማረፊያው ይዘጋል፤ እሷም እንደገና ወደ ሰው አገር ልትሄድ ነው።

ሙሉቀን ጊዜ አላጠፋም። «አባ፣ የቢራቢሮዋ ትል እኮ የምትበላው ኮሸሽላ ነው!»

«እሰይ! እሷን ሳሉ። እሾኼን ትጨርስልኝ።»

«ጭላዳዬስ?» አልኩ። ትርንጎ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለቻቸው።

«አባ ጥጋቡ፣ ዛሬ ጠዋት ጭላዳ ማሳዎ ገባ?»

ሽማግሌው ገብሱን አዩ፤ እኛን አዩ። «እናንተ ተገትራችሁ በየት ይግባ?»

«ጭላዳ ሊያይ የሚመጣው እንግዳዬ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ይገተርልዎታል። አንቱም ወንጭፍዎን አስቀምጠው ያርፋሉ።»

አባ ጥጋቡ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

ከሰዓት፣ ገብስ ዳር

ይህን የምጽፈው በጥበቃ ላይ ሆኜ ነው። አዎ፣ የመጀመሪያው ገብስ ጠባቂ እንግዳ እኔ ነኝ፤ ሹመት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ማረፊያው ከማሳው ሥር ስለሆነ አባ ጥጋቡ ሠዓሊውን ሲያዙት ይሰማኛል።

«ቢራቢሮዋን ከበሩ በላይ አድርግልን። ጭላዳውንም ሳለው፣ ግድ የለም። ብቻ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙረው፤ ገብሴን እንዳያይ!»