የዴድላይን ዘር ማንዘር

የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ጠመኔው ጣቴ ላይ እንዳለ። ከምርጫው በኋላ ነበር። ቆቦ ያሰሩን ቤት የቆርቆሮ ጣሪያው ቀን ሙሉ ይግላል፤ የምንተኛበት የማሽላ ጆንያ አቧራው ያስነጥሰናል።

መርማሪው አንድ ወረቀት ሰጠኝ። አብሮኝ እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን ጓደኛዬን «ሕዝብ ለአመፅ ሲቀሰቅስ አይቻለሁ» ይላል። ውሸት ነው።

«ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ። ዴድላይንህ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። ቃሏን ወዷታል መሰለኝ፣ ሁለቴ ደገማት።

ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ፈራሁ፤ አልዋሽም።

ከጎኔ የሚተኙት ከዋጃ የመጡ አንድ ሸህ ነበሩ፣ ገበሬ ናቸው።

«መምህር፣ ምን አሉህ?»

ነገርኳቸው። መምህር አይደለሁ፣ የቃሉንም ዘር ማንዘር ቆጠርኩላቸው። እናቱ «ዴድ»፣ ሙት ማለት ነው፤ አባቱ «ላይን»፣ መስመር። የተወለደው አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ፣ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ከአጥሩ ወዲህ መስመር ነበረ፤ እሱን ያለፈ እስረኛ በጥይት ይመታል። ቆይቶ ጋዜጠኞች ወሰዱትና ጽሑፍ የሚያስረክቡበትን ሰዓት ጠሩበት።

ሸሁ ሳቁ። «ወላሂ፣ ቃሉም እንደኛው እስረኛ ነበራ!» ቀጥለውም «መስመሩ ሲሰመር እስረኞቹ ቆመው ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ ማን ጠይቋቸው!»

«እንዲያማ ከሆነ ድንበር አይደለም። እኛ ዘንድ የእርሻ ድንበር ሁለቱም ባለመሬት ቆመው፣ ሽማግሌ አይቶ ነው ድንጋዩ የሚተከል። ባንድ ወገን የተተከለ ያው ድንጋይ ነው። አብሽር።»

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩና ከሥሩ «ጓደኛዬን ሲያስተምር እንጂ ሲቀሰቅስ አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም።

«ሰዓቱ አለፈብህ እኮ» አለኝ።

«የእርስዎ ነው ያለፈው፣ ጌታዬ። እኔ መች ቀን ቆረጥኩ?»

አምስት ወር ተጨመረልኝ። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጓደኛዬን ግን የነካው የለም።

አሁንም በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ፈተና አርሞ በመመለስ የሱን ያህል ዘገምተኛ አላየሁም። ርዕሰ መምህሩ «ዴድላይኑ አለፈ!» እያለ ሲጮህበት እሱ ይስቃል። ያን ወረቀት አያውቅም፤ አልነገርኩትም። ከፈተና ወረቀቱ ክምር ግማሹን ወደ እኔ እስብና ማረም እጀምራለሁ።