ገና አልጨረሰችም

ጀጎል ውስጥ ለውጭ አገር እንግዶች የሣር ስፌት የሚሸጥበት ቤት ሊከፈት ሆነና፣ ቦታ የሚሰጠው እንግሊዝኛ መናገር ለቻለ ነው ተባለ። እኔ ትምህርት በልጅነቴ ያቆምኩ አሮጊት፣ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ተመዝግቤ ተማርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ከድሬ ጠያራ የምትመጣ ስፌት ሠሪ ነበረች። ኤረር በር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከመሸጥ የሚያወጣት ይህ ቦታ ብቻ ነበር።

የፈተናው ቀን መምህሩ ርዕሱን እዚያው እየሰጠ፣ «ሳትዘጋጁ ተናገሩ» አለን። ለእሷ የደረሳት ስለ አንድ እንስሳ ነበር።

«ማይ ካው…» አለች። «እ… ማይ ካው… እ… እ…»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ላሟ ጠፋች እንዴ?» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም «በቃ፣ ተቀመጪ» አላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተነሣሁ። «ገና አልጨረሰችም!»

«እማማ፣ አቆመች እኮ» አለ መምህሩ።

«አላቆመችም፤ እያሰበች ነው።» በእኛ አፎቻ፣ በሴቶቹ መረዳጃ ማኅበር፣ ተናጋሪዋ በአፏ «ጨረስኩ» እስክትል ድረስ ቃሏን ማንም አይነጥቃትም፤ ብትንተባተብም ትጠበቃለች። ይህንኑ ነገርኩት።

«ሰዓት የለንማ። ለሁሉም እኩል ነው የተሰጠው።»

እኩል ካለማ ልክ ነው፤ የሌላውን ሰው ሰዓት አልነካም። «እንግዲያው ከእኔ ቀንስና ስጣት» አልኩት።

«እርስዎ ቢወድቁስ?»

«ወላሂ ልውደቅ!»

«አዴ፣ እናቴ፣ ይተዉት» ብላ ስፌት ሠሪዋ ቀሚሴን ጎተተች።

«ተነሺ! ላሟን ጨርሺያት።»

ተነሣች። «ማይ ካው… እ… ኢት… እ… ኢት…» ያ ጎረምሳ እንኳ አንገቱን አሰገገ። «ኢት… ማይ ባስኬት!»

ላሟ ስፌቷን በላችባት! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አሁን ግን የተሳቀው ከእሷ ጋር ነበር። እሷም እየሳቀች፣ «እ…» እያለች፣ ሌላ ስፌት እንደሠራችና ይኸኛው ከተበላው እንደበለጠ ተናግራ «ፊኒሽ!» አለች።

«አለፍሽ» አላት መምህሩ።

እኔም በተረፈችኝ ጊዜ እ… እ… እያልኩ ስለ ድመቴ ተናገርኩ። ማንም ሊያስቀምጠኝ አልደፈረም። አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ።

ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሸጣለን። እንግዳ ስለ ስፌቱ ሲጠይቃት «እ…» ትላለች፤ ይጠብቃታል። የማይጠብቅ ከመጣ እኔ አለሁ።