ወደ ግንዱ ያዞርኩት ማሰሪያ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ፊታቸው ቆሜ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከቅዳሴ መቅረቴን ሁሉ ዘርዝሬአለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰርና «ያላስታወስኩትም ይኖራል አባ» ብዬ አልፋታለሁ። ማስታወሱንማ አስታውሳት ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ አታውቁኝም፤ ስለማታውቁኝ ነው ድፍረቱን ያገኘሁት። ስሙኝና እንደፈለጋችሁ ፍረዱ። እኔ ሰው ከዛፍ ላይ ጥያለሁ። እጄን ሳላነሳባት ጣልኳት። ከዚያም የወደቀችው በራሷ ጥፋት ነው ብዬ መሰከርኩባት። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ የምገለብጥ ይመስለኛል። የእኔ ነው።

የምኖረው ኦስሎ ነው፤ የሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ክኑት የሚባል የሥራ ባልደረባዬ የአደን ቡድን ይመራል። በመጸው ወራት ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጫካ ገብተው ኤልግ ያድናሉ። ኤልግ ፈረስ የሚያክል አጋዘን ነው። ክኑት «ና አብረን እናድን» ሲለኝ እኔ መጀመሪያ የጨነቀኝ የጠመንጃው ነገር ሳይሆን የሥጋው ነበር። ቄሱን ጠየቅኳቸው። ያመሰኳል ወይ፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው ወይ ብለው እንደ መርማሪ አፋጠጡኝ፤ ሁለቱንም አዎ ስላቸው ፈቀዱልኝ።

በቡድኑ ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ጥፋቴ ከየት እንደ በቀለ እንድታውቁት ነው። ብቻህን ሐበሻ በሆንክበት ቦታ ብታረፍድ ያረፈድከው አንተ አይደለህም፣ ሐበሻ ነው። ብርጭቆ ከእጅህ ቢያመልጥ ሐበሻ ሰበረ ነው። እነሱ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እኔው ነኝ ጠዋት ማታ ለራሴ የምለው። እናም ከሁሉ ቀድሜ እደርስ ነበር፣ ከሁሉ በላይ እሸከም ነበር፣ አላውቅም ማለትን እንደ ነውር እቆጥር ነበር።

ሊዲያን ወደ ቡድኑ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የጓደኛዬ የግርማ ልጅ ናት፤ ኦስሎ ተወልዳ ቶየን ሰፈር ያደገች፣ ያኔ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናት መንከባከብ የጀመረች። እኔ የወደቅኩበትን የተኩስ ፈተና እሷ በመጀመሪያ ሙከራዋ አልፋ ስትስቅብኝ ከረመች። ግርማ ግን ነገሩን አልወደደውም። ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ ሲያጉረመርም ቆይቶ በመጨረሻ እሺ ያለው በእኔ አደራ ነው። አደራ በላ ሲባል ትሰሙ የለም? ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ኤልጉን ከላይ ሆነው የሚጠብቁበት ማማ አለ። አባቴ ማሽላውን ከዝንጀሮ ከሚጠብቅበት ማማ ብዙም አይለይም፤ ይሄኛው ከብረት ተሠርቶ ግንድ ላይ ይታሰራል። ከላይና ከታች በማሰሪያ ይታቀፋል። ማሰሪያው ሰፊ የናይለን ጠፍር ሲሆን የሚወጥረው ብረት አለው። ክኑት ያረጁትን የሚተኩ አዲስ ማሰሪያዎች እንድመርጥ ለእኔ ሰጠኝ፤ ጥንቁቅ ነህ ብሎ ነው። እኔም ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው መረጥኩ። የመኪና ዕቃ ማሰሪያውን ወፍራም ሆኖ ሳለ ተውኩት፤ ለሰው ክብደት የተሠራ አይደለም። ለዚያው ማማ የተሠራውን፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበትን ወሰድኩ፤ ስፌቱን በጣቴ እየዳበስኩ። መምረጥ እችል ነበር ማለቴ ነው። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

የዱግናዱ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ዱግናድ ማለት እዚህ ሰው ሁሉ በነፃ ወጥቶ የሚሠራበት ቀን ነው፣ እንደ እኛ ደቦ፤ እሑድ ማማዎቹን ልንሰቅል ተቀጣጥረናል። ቅዳሜውን ደግሞ ከማኅበራችን አዲስ የተጋቡ ልጆች ከሃውገንስቱዋ ወደ ላምበርትሴተር ቤት ይቀይሩ ነበር። ሐበሻ ቤት ሲቀይር ሰው ይጠራል እንጂ የዕቃ ጫኝ ድርጅት አይጠራም። ማቀዝቀዣው ተጎታች ላይ ወጥቶ ገመድ ያለው ማነው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ማሰሪያዎቹን መኪናዬ ውስጥ አይተዋቸዋል። የቡድኑ ንብረት ነው፣ ሰው የሚሰቀልበት ነው ብዬ እምቢ ማለት አቃተኝ። ለማቀዝቀዣ ገመድ ነፈገ ከሚሉኝ ብዬ አውጥቼ ሰጠሁ፤ ራሴው ወጥሬ አሰርኩት።

ቤት ገብቼ ሳየው የማቀዝቀዣው የጀርባ ቆርቆሮ አንደኛውን ማሰሪያ በልቶታል። ከጠርዙ ጀምሮ እስከ መሐሉ ድረስ ተበጥሶ ክሩ ተንጨባርሯል። ሱቅ ተዘግቷል። እሑድ ደግሞ እዚህ አገር ሱቅ አይከፈትም። ለክኑት ደውዬ ይህችኛዋን ማማ ነገ አንሰቅላትም ብል ምን ነበረበት? ምንም። ግን ለምን ይለኛል። የቡድኑን ማሰሪያ ለማቀዝቀዣ ሰጠሁት ልለው ነው? ሐበሻ እንዲህ ነው እንዲል? እሑድ እሰቅላታለሁ፣ ሰኞ አዲስ ገዝቼ ማንም ሳያይ እለውጣታለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲል አባቴ ይናገረው የነበረው እንደ እኔ ላለው ነበር።

እሑድ ጠዋት ተከፋፍለን ወደየዛፉ ሄድን። እኔና ሊዲያ አንድ ላይ ነበርን። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ማማዋን አሰርኩ፤ የተበላውን ማሰሪያ ከላይ በኩል አደረግኩትና የተበጠሰው ፊቱ ወደ ግንዱ እንዲሆን አዞርኩት። አዞርኩት። ነፋስ አላዞረውም፣ በእጄ ነው ያዞርኩት። ደህናው ፊቱ ወደ ውጪ ሆኖ አዲስ መሰለ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው ቀንድ አብቅሎ ይመስለኝ ነበር። እኔ እያፏጨሁ ነበር።

ከመሰላሉ ስወርድ ሊዲያ ከመውደቅ የሚይዛትን የወገቧን ገመድ ከላይ ልታስርና እይታ የሚከልሉ ቅርንጫፎችን ልትቆርጥ ትንሽ መጋዝ ይዛ ቆማለች። አባቴ ቢሆን ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ይነቀንቀው ነበር፤ እናቴ «ራሱ ያሰረውን ራሱ ይነቀንቃል» እያለች ትቀልድበት ነበር። ሊዲያ ግን የዚህ አገር ልጅ ናት። እዚህ ተሠርቷል ካልክ ተሠርቷል ነው። ሰው ቃሉን ሲሰጥ መነቅነቅ አልለመደችም።

«ጋሼ፣ ታስሯል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ታስሯል» አልኳት።

ወጣች። ቆይ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ከፍቼ ዘጋሁት። ማማዋ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ገመዷን ከግንዱ ጋር ልታያይዝ እጇን ወደ ወገቧ ስትሰድ ከላይ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማማዋ ተገለበጠች። ሊዲያ ምንም አልጮኸችም። የጮኸው ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ መሆኔን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲያመኝ ነው።

አሁን የማይነገረውን ልንገራችሁ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ጠርቼ ስጨርስ አጠገቧ አልተንበረከክኩም። አስቀድሜ የተበጠሰውን ማሰሪያ ከሣሩ ላይ አንስቼ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት። ዓይኗ ተከድኖ ነበር፣ ከጆሮዋ ሥር ደም ይወርድ ነበር፣ እኔ ማሰሪያ እየሰበሰብኩ ነበር። ክኑት እየሮጠ ሲደርስ፣ ቅርንጫፍ ልትቆርጥ ተንጠራራች፣ ማማዋ አብራት ዞረች፣ እኔም ከላይዋ ላነሳላት ማሰሪያውን ፈታሁት አልኩት። አመነኝ። ለምን አያምነኝም? ጥንቁቁ እኔ አይደለሁ?

ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ስትነቃ ስለ ዛፉ የምታስታውሰው ምንም አልነበረም። ጋሼ ምን ሆኜ ነው ብላ እኔን ጠየቀችኝ፤ ካየሁት ከእኔ ሌላ ማንን ትጠይቅ? እውነቱን ለመናገር የተሰጠኝ ቀን ይሄ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ተንጠራራሽ» አልኳት።

ፊቷን ሸፈነች። «ኡንሽል ጋሼ» አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። «አሰደብኩህ አይደል?»

ሰማችሁ? እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ በሰዎቹ ፊት ስሜን አጎደፍኩ ብላ። እኔን የሚበላኝ በሽታ ኦስሎ ተወልዳም አልማራትም። እኔስ ምን አልኩ? «ግድ የለም» አልኳት። ግድ የለም! ይቅር አልኳት።

ግርማ ልጁ አልጋ አጠገብ ስላልጠፋሁ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ ብሎኛል። ሊዲያ እያነከሰች ተነሣች፤ ሕፃናቱን አጎንብሳ ማንሳት ስላልቻለች ባርነሃገውን ተወች። አባቷ እኔ አላልኩም ወይ ሲላት አዎ ብለሃል ትለዋለች። ቡድኑ ደግሞ ከአደጋው በኋላ የማማና የማሰሪያ ኃላፊ ይኑር ሲል እኔን መረጠኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች ማሰሪያ እንዴት እንደሚመረጥ አስተምራለሁ። የተበላ ማሰሪያ አትጠቀሙ እላለሁ። ከማማ ላይ አትንጠራሩ እላለሁ፤ አንዲት ልጅ ተንጠራርታ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። እውነት ነው፣ ቀሎኝ ነበር። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው፤ እየደጋገምኩት ስትንጠራራ በዓይኔ ያየኋት እስኪመስለኝ ድረስ ቀሎኝ ነበር።

በዚህ ዓመት ሳስተምር በሩ ተከፍቶ ሊዲያ ገባች። አደኑን እንደገና መጀመር እንደምትፈልግ አልነገረችኝም ነበር። ከኋላ ተቀመጠች። ማቆም እችል ነበር፤ የለመደ አፌ ግን ቀጠለ። አንዲት ልጅ ተንጠራርታ አልኩ። ሊዲያ እጇን አነሣችና ተነሥታ ቆመች። እኔ ነኝ ያቺ ልጅ፣ ጋሼ የሚለው እውነት ነው፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትሁኑ አለቻቸው። ሰዎቹ ለድፍረቷ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ።

ከእንግዲህ በቃ። ክኑትም ግርማም ከእኔው አፍ ይሰማሉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ሊዲያ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አንድ ጊዜ ይቅርታ አስጠይቄሻለሁ፣ ሌላ ይቅርታ ከአንቺ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ማሰሪያው ተበልቶ ነበር፣ አውቅ ነበር፣ ፊቱን አዞርኩት፣ ታስሯል አልኩሽ። አንቺ የማታስታውሺውን እኔ አስታውሳለሁ፤ የወሰድኩብሽ እሱን ነውና እሱን እመልስልሻለሁ። አልተንጠራራሽም። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ነበር።