ገመዱ ያጎደለው ግቢ

ስልኩ ሲጠራ ምስር እየለቀምኩ ነበር። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ሀይረዲን ነው። «እትዬ አደሴ፣ ጋሽ ዱጉማን ትንሽ አሟቸው ሐኪም ቤት ይዘናቸው መጥተናል፤ ይምጡ» አለኝ። ትንሽ ካመመው ለምን ራሱ አልደወለም አልኩ በልቤ። ምስሩን ከድኜ ወጣሁ። ስደርስ ሀይረዲን ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል። መሞቱ ያኔ ገባኝ።

ዱጉማ ቃሊቲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብረት በይዷል። ዝምተኛ ነበር። የሠራውን በር ደጋግሞ ከፍቶ ሳይዘጋ ለማንም አያስረክብም።

የእኛና የታናሽ እህቱ የጋዲሴ ግቢ አጥር ለአጥር ነው። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። ከእርሻው የተረፈውን ቦታ ሽማግሌዎች በአሥራ ሰባት ሜትር ገመድ አካፈሏቸው፤ ለእሱ በአራቱም ጎን አንድ ገመድ፣ ለእሷም በአራቱም ጎን አንድ ገመድ። እኩል ነው ተብሎ ተመረቀ። የእሱ ቀጥ ያለ ካሬ ነው። የእሷ ግን፣ መንገዱም ወንዙም እዚያ ጋ ስለሚታጠፉ፣ ወደ ጎን ያዘመመ ነው።

ጋዲሴ «የኔ ይጠባል» ባለች ቁጥር «ገመድ አይዋሽም» ይላት ነበር። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስግብግብ» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችም። ከበዓል በቀር ቤታችንም አትመጣም።

በሞተበት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ የሠራው የበር ፍሬም ከመኪና ሲወርድ ተጣመመ። ካሬው አዘመመ። ዱጉማ ለካሬው የቆረጠውን ላሜራ ቢያስቀምጥበት ላሜራው ተረፈ። ብረቱ ያው ነው፤ አንዱም ጎን አላጠረም። የጋዲሴ ግቢ ትዝ ብሎት ምሳውን ሳይበላ ወደ ቤት መጣ።

ነገሩን ሲነግራት ልጃችን ሩት «አባዬ፣ እንዲህ ያለው ሮምቦስ ይባላል» አለችው።

«ስሙን ተዪውና ስፋቱን ንገሪኝ።»

«ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ትለካለህ፣ ታባዛለህ፣ ለሁለት ትከፍላለህ።»

«ገመድ አምኜም ተሳስቻለሁ፤ ይሄን በዓይኔ ልየው» አለና ከቁርጥራጭ ላሜራ ያዘመመ ቅርጽ ቆረጠ። ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል ሰነጠቀው። የወጡትን አራት ሦስት ማዕዘኖች ወለሉ ላይ ሲገጣጥማቸው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኑ፤ ርዝመቱ የረጅሙ መስመር፣ ወርዱ የአጭሩ ግማሽ። ያኔ አመነ። ሜትሩን ይዞ ጋዲሴ ግቢ ገባ፤ እኔም ጫፉን ያዝኩለት። ረጅሙ ሠላሳ፣ አጭሩ አሥራ ስድስት ሆነ። ሠላሳ በስምንት ሁለት መቶ አርባ። የእኛ አሥራ ሰባት በአሥራ ሰባት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።

«ጋዲሴ፣ አርባ ዘጠኝ ካሬ ሜትር በልጬሻለሁ» አላት።

«ዛሬ ገባህ? አንተ ቤት ሳትሠራበት ሁለቱንም ጎመን ተክዬባቸው የለ! ያንተ ሃያ መደብ ወጣው፣ የኔ አሥራ ሰባት አልሞላም።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ነገርኩህ እኮ! ስግብግብ አልከኝ። እህትህን ሳታምን የተጣመመ በር ታምናለህ?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «አጥሩን አንድ ሜትር ከአርባ አራት ወደኔ አስገባዋለሁ። እኩል ያደርገናል።»

«ተው ዱጉሜ፣ አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ፊት ነው የሰደብኩሽ። ሰው እያየ ነው የማነሳው።»

ካካፈሏቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። ለእሑድ ጠራቸው። ሐሙስ ሞተ።

ጋዲሴ ለቅሶውን ከእኔ ጋር ተቀመጠች፤ አንድም ቀን ቤቷ አላደረችም። እሱ ያሰበውን እንፈጽም ስላት «አርባው ይውጣ» አለችኝ። አርባው ወጥቷል። ሽማግሌዎቹን ገና አልጠራኋቸውም፤ አጥሩም ከቦታው አልተነሳም።