ከገመዱ ላይ የቀረው ቀሚስ

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሜትር ይላታል። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት እንኳ ከነሜትሯ ነው የምትሄደው። እኔ አብሮ አደጓ ስለሆንኩ አንቺ እላታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረን ሠርተናል፣ እሷ በስፌት መኪናው፣ እኔ በካውያውና በቁልፉ። አውሪዋ እኔ ነኝ፣ ሰሚዋ እሷ።

ስለ ጨርቅ የማታውቀው የለም፣ በተለይ ስለ ቅዳጅ። ሚስማር የያዘው ልብስ በማዕዘን ነው የሚቀደደው። ሰው የያዘው ልብስ ግን የሚሄደው ከስፌቱ ነው፤ ወይ ብብቱ ይተረተራል፣ ወይ ቁልፎቹ ከነጨርቃቸው ተነቅለው ይወጣሉ። ስንቷ ሴት ብብቱ የተገነጠለ ቀሚስ ይዛ መጥታ “ሚስማር ይዞኝ ነው” ብላናለች! እትዬ ሜትር ቀና ብላ ሳታያት ትቀበልና “ለሐሙስ ይደርሳል” ትላለች። ሴትየዋ ስትወጣ እኔ “ይሄ ሚስማር ደግሞ አምስት ጣት አለው እንዴ?” ካልኩ “ሥራሽን ሥሪ” ትለኛለች። የሰው ገመና መሸፈን ለእሷ የሙያው ግማሽ ነበር። አሳምራ ትሰፋዋለች፤ የቀደደው ሰው ራሱ ቢፈልግ ቦታውን አያገኘውም። እኔም በካውያ እተኩስበታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሁለታችንም ጥሩ ሥራ ይመስለን ነበር።

ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች፤ አግብታ የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ባሏ የመንገድ ቀያሽ ነው፣ ሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ የሚመለስ። አማቱን “እናቴ” ነው የሚላት፤ ከቆመበት ሮጦ ዘንቢሏን ይቀበላታል። ምላሱ ቅቤ ነው። እኔማ “ለኔም ልጅ እንዲህ ያለ ባል ይስጣት” እያልኩ ስንቴ መርቄዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የሰፈሩ የሴቶች ማኅበር በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት በአዳራሹ ዝግጅት ሊያደርግ ተነሣ። የተመታች ሴት ሁሉ በዚያን ቀን የለበሰችውን ልብስ፣ ስም ሳትጽፍ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ትጥላለች። ቅዳሜ ዕለት ልብሶቹ አዳራሹ ውስጥ በገመድ ላይ ይሰቀላሉ፣ ሕዝቡም እየዞረ ያያል። ሊቀ መንበሯ “የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም” ብላ ማለች። ታዲያ ማን ይተኩሰው፣ ማን መስቀያ ላይ ያድርገው ሲባል “ለኛ ስጡን” አልኩ እኔ ጅሏ። ስም የሌለው ልብስ ሁሉ የሰፈሩን ልብስ አንድ በአንድ ወደምታውቅ ሴት ጠረጴዛ ሲላክ፣ ከዚያ ሁሉ ኮሚቴ አንዲት ሴት እንኳ ልብ አላለችውም። እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ፣ ሣጥኑ ወደኛ እንደሚመጣ ለግማሽ ሰፈር ነገርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሣጥኑ መጣ። ሃያ ሦስት ልብስ ነበር። እትዬ ሜትር አንዱን እያነሣች ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። የማን እንደሆነ ማወቋን ፊቷ ላይ አነበብኩት። የዳቦ ሻጯን ሹራብ አወቀችው። የመምህሯን ጉርድ አወቀችው። አንድ አረንጓዴ ሸሚዝ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ የሊቀ መንበሯ ነበር። “አይ አንቺ” አለች ቀስ ብላ።

ከሥር ሰማያዊ ቀሚስ ወጣ። እኔም አወቅሁት፤ ልጅቷ ስትመረቅ እናቷ ራሷ ቆርጣ የሰፋችላት ነው። ገለበጠችው። የቀኝ ብብቱ ተተርትሮ ኖሮ፣ በጥቁር ክር፣ ዘርዘር ባለ ስፌት ተይዟል።

“ይሄ የኔ እጅ አይደለም” አለች።

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ቀሚሱን ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስዳዋለች ማለት ነው። ለምን እንደወሰደችው ለሁለታችን መናገር አያስፈልግም ነበር፤ እናቷ አንድ ጊዜ ካየችው እንደምታውቅ ልጅቷ ታውቃለች።

“ተነሺ፣ ሂጂ” አልኳት። “እሱ ዛሬ ወጥቷል፣ ብቻዋን ናት።”

“ሄጄ ምን ልበላት? ማንም እንዳያውቅባት ብላ በሌላ እጅ አሰፋችው። ያለ ስም ጣለችው። እኔ ሄጄ ‘አየሁብሽ’ ልበላት?”

“እናቷ እኮ ነሽ!”

“እናቷ ስለሆንኩ ነው። እሱ ቅዳሜ አዳራሽ ይመጣል። ይህን ቀሚስ ያውቀዋል። ተሰቅሎ ቢያየው ቤት ሲገቡ ይገድላታል።”

ይኼኛው ነገሯ ልክ መሰለኝ፤ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ዝም ማለት የማይገባኝ አንድ ቀን ቢኖር ያ ሰኞ ነበር።

ቀሚሱን ከሌሎቹ ለየችው። የሌላውን ሰው ስፌት ክር በክር ፈታችው። ቀሚሱ የተሰፋበትን ክር የመሰለ ለማግኘት ሁለት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ሐሙስ ጀመረችው፣ በእጇ፤ መኪናውን አላመነችውም። ትሰፋለች፣ አልወደድ ሲላት ትፈታለች፣ እንደገና ትሰፋለች። አንዳንዴ እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ዓርብ ከሰዓት ጨረሰች። ለመተኮስ እጄን ስዘረጋ “ተይው” አለችኝ፣ ራሷ ተኮሰችው። እውነቴን ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። ቀሚሱ ምንም ያልደረሰበት ሆነ።

ቅዳሜ ገመዱ ላይ ሃያ ሁለት ልብስ ተሰቀለ። ሊቀ መንበሯ በድምፅ ማጉያው ንግግር አደረገች፤ ከራሷ ሸሚዝ ሥር ቆማ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አማችዬውም ልጁን አቅፎ መጣ። እትዬ ሜትርን ጉንጯን ስሞ “እናቴ፣ ይኼን ሁሉ ብቻሽን? አይደክምሽም?” አላት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ልጅቷ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ተመልሳ ደግሞ ሄደች፣ ልብሶቹን እየገለጠች። ከዚያ ከመድረኩ ጀርባ፣ መስቀያዎቹን ያስቀመጥንባት ክፍል መጣች። እናቷ በር በሩን እያየች ቀሚሱን የጠቀለለችበትን ላስቲክ ሰጠቻት።

“ይኸውልሽ የኔ ልጅ። አይዞሽ፣ ማንም አላየውም። አሳምሬ ሰፍቼዋለሁ።”

ልጅቷ ቀሚሱን አወጣች። ብብቱን ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰችው። ስፌቱን አላገኘችውም።

“ሰፋሽው?” አለች።

“እኔ... እሱ እንዳያየው ብዬ...”

“እማዬ፣ ለገመዱ አይደለም እኮ የጣልኩት። ሣጥኑ አንቺ ጋ እንደሚመጣ ሰምቼ ነው። መጀመሪያ ሌላ ጋ አሰፍቼ ደበቅኩሽ፤ ኋላ በአፌ ልነግርሽ ስንቴ መጥቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። አቃተኝ። ይህን ካየች ትመጣለች አልኩ። እሱ ሰኞ ሲወጣ የልጁን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አደረግሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ እስከ ትናንት ጠበቅሁሽ።”

እትዬ ሜትር እጇን ያዘቻት። “ነይ፣ እንሂድ። አሁኑኑ እንሂድ፣ በጓሮ በር።”

ልጅቷ በበሩ ክፍተት አየች። ባሏ ከመውጫው በር አጠገብ ቆሟል፣ ልጁ አንገቱን አቅፎታል።

“አሁንማ ልጁ እሱ ጋ ነው” አለች።

ቀሚሱን አጣጥፋ ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። ፊቷን በመዳፏ ጠራረገችና ወጣች። እናቷ ሁለት እርምጃ ተከተለቻትና በሩ ላይ ቀረች። ያኔ ሊቀ መንበሯ በድምፅ ማጉያው ጠራቻት፤ “ቀን ከሌት ደክመው ልብሶቹን ላሰናዱልን ለእትዬ ሜትር ሞቅ ያለ ጭብጨባ!” አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። አማችዬው ሚስቱ ወደ እሱ ስትመጣ እያየ፣ የልጁን ሁለት ትንንሽ እጆች ያዘና፣ ለአያቱ አስጨበጨበው።