የእሁድ ስንቅ

ባለፈው ወር ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በነጠላ የተቋጠረ የትኩስ ሩዝ ሳህን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ጎራ ሲል የቤንዚኑ ሽታ ከሩዙ የሄልና የቅርንፉድ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ላይ ደረሰና፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ ባንድ ትንፋሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ። ጉልበቴ ላይ ሙቀት የተሰማኝ መሰለኝ። በዚያ ዕድሜዬ እሁድ እሁድ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣ ፔጆ ታክሲ ውስጥ የአባቴን ስንቅ ጭኔ ላይ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ኒም ዛፎች ባጠሉት መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን፤ አባባ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ወንበሩን ግቢ ያወጣና እግሩን ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ጋዜጣ ያነብ ነበር። እናቴ የሺ ከሸዋ በልጅነቷ ተድራ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ የሚጠፋ፣ መኪና ላይ ስትወጣ የሚያጥወለውላት፣ ከቀፊራ ገበያ ወዲያ ብቻዋን ሄዳ የማታውቅ።

ድንበር ተሻግሮ የመጣብን ጦርነት ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ምሳ ላይ ሳለን ሦስት ሰዎች መጡና «ለትንሽ ጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉት። የአጎቴ ልጅ መንግሥት ከሚያድናቸው ወጣቶች አንዱ ነበር፤ እኛ ቤት አንድ ሳምንት አድሮ መሄዱን ሰው ተናግሮ ኖሯል። አባባ እጁን እንዲታጠብ እንኳ አልጠበቁትም። እናቴ የጀመረውን ምግብ ከድና አስቀመጠችው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሦስት ቀን ተከድኖ ቆየ፣ ሸተተም፣ ግን አላነሣ አለች።

ያነሣችው አዴ ሙሚና ነበረች። አዴ ሙሚና ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር የምትኖር፣ ቀፊራ ላይ ሳምቡሳና ባጂያ ጠብሳ የምትሸጥ ትልቅ ሴት ነበረች፤ እናቴ ከእሷ ቅመም ስትገዛ ነው የተወዳጁት። እንደ አገሩ ሰው አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የቀበሌውንም ሊቀ መንበር፣ ቄሱንም፣ ወታደሩንም «አንተ» ነበር የምትለው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ከጀመረች ወር ሲሞላት፣ አዴ ሙሚና የሸተተውን ሳህን ካጠበችበት ቀን ወዲህ ለአሥረኛ ጊዜ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ አቦ! ይሄ መተኛት አይደለም ወላሂ፣ መቀበር ነው» አለቻት። «ሰውየሽ ሐረር ነው። የወንድሜ ልጅ እዚያው ታስሮ ወጥቶ በዓይኑ አይቶታል። እሁድ እሁድ ስንቅ ያስገባሉ። ለሰው የሚመጣለትን ሲያይ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው?»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አለች። «መኪናው አይሆንልኝም» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ይመስለኛል።

«ሎሚ ያዢ፣ አሽትቺ፣ ልጅቷን አስከትዪ፣ ሂጂ!»

ሄድን። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ ባለ ሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ ሞልተን፣ ከፔጆው የመጨረሻ ረድፍ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ደንገጎ ዳገት ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር እናቴ ሎሚውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ «ዓይኔን ልጨፍን ነው፤ አንቺ እይልኝ» አለችኝ። ምን እንደምታይላት ለማታውቅ ልጅ ትልቅ አደራ ነበር። ከታች ድሬ በአቧራ ውስጥ እየራቀች ስትሄድ አየሁ፤ ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፣ ድንጋያማው ምድር አረንጓዴ ለበሰ። እስር ቤቱ ከሐረር ከተማ ዳር ነበር። ሴቶች በረድፍ ቆመዋል፤ አንድ ወጣት ጠባቂ የብስክሌት ሽቦ ይዞ እያንዳንዱን ምግብ ከላይ እስከ ታች ይወጋል፣ ያገላብጣል፣ ወረቀት ይፈልጋል። እናቴ ስትለፋበት ያደረችውን ዶሮ አተራምሶ ሲመልስላት ከንፈሯን ነከሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳህኖቹ ባዶ ሆነው ወጡ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች አስረዱን፤ ባዶ ሳህን ማለት ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ስንመለስ እናቴ አሁንም ዓይኗን እንደ ጨፈነች «ምን አየሽ? ንገሪኝ» አለችኝ። አህያ አልጋ ተሸክማ ስትሄድ ማየቴን፣ አልነሣም ያለ ግመልን ሦስት ሰው ሲለምነው ማየቴን ነገርኳት። «የግመሉን እንዳትረሺው፤ ለአባትሽ ሲወጣ ትነግሪዋለሽ» አለችኝ። በየእሁዱ አንድ አንድ ነገር ስናስቀምጥለት በጋው አለቀ።

በልግ ሲገባ እናቴ ሌላ ሴት እየሆነች መጣች። ሰኞ ላይ የሚመጣውን እሁድ ማሰብ ትጀምር ነበር፤ ሲወጋ የማይበላሽ፣ ሲቀዘቅዝ የማይረጋ፣ ሲገላበጥ መልኩ የማይጠፋ ምግብ ፍለጋ እየዞረች ትጠይቅ ነበር። አዴ ሙሚና ኮንትሮባንድ ሩዝ ከየት እንደምታመጣ ሳትነግረን እያመጣች፣ በሄልና በቅርንፉድ፣ በበግ ሥጋ መረቅ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረቻት፤ «ይሄን ሽቦ ምን ያደርገዋል? ሩዝ ቢወጉት ሩዝ ነው!» እያለች በሳቅ ትንፈራፈር ነበር። እናቴ ስትስቅ ግን አላየሁም፤ የሳቀችው አንድ ቀን፣ ያኔ ዓለማያ የምንለው ሐይቅ ዳር ነው። ታክሲው ጎማ ፈንድቶበት ወርደን፣ ከመንገድ ዳር ሴቶች የተቀቀለ ድንችና ኮክ ገዝተን፣ ሳሩ ላይ ቁጭ ብለን ስንበላ፣ አንዲት ዳክዬ ሾልካ መጥታ የእናቴን ድንች ከእጇ ነጥቃ ውኃው ውስጥ ገባች። እናቴ ትን እስኪላት ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አባትሽ ታስሮ እኔ እስቃለሁ» አለች።

«ይሄንንም እንነግረዋለን» አልኳት። ጭንቅላቴን ደባበሰችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኗን መጨፈን ተወች፤ ሎሚውም ቀረ።

ክረምቱ ክፉ ነበር። በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያው እሁድ ጠዋት፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ አድሮ ደቻቱ ሞላ። ሌላ ጊዜ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ በቡናማ ውኃ ተሞልቶ፣ ግንድ፣ በር፣ የሞተ ፍየል እየተሸከመ ይጋልብ ነበር፤ ፔጆዎቹ የሚነሡት ደግሞ ከማዶ ነው። ድልድዩ ላይ ወታደሮች ቆመው ሰው አናሳልፍም አሉ። እናቴ የምስርና የሩዝ ስንቋን አቅፋ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳር ላይ ቆመች። ማዶ አዴ ሙሚና ስትጮህ እናያለን፤ ውኃው ድምፅዋን እየበላው ምን እንደምትል አልሰማንም። በመጨረሻ እናቴ ምግቡን እዚያው ለቆሙት የተራቡ ሰዎች አከፋፈለችና፣ «አንድ እሁድ ነው፤ ይገባዋል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ ሐረር ደረስን። ጠባቂው የአባባን ስም ከወረቀት ላይ ፈለገ፣ ሽቦውን አላነሣም፣ የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ወደ እናቴ ገፋው።

«ለሱ ስንቅ አያስፈልግም» አላት።

«ወዴት ተዛወረ ወንድሜ?»

«አያስፈልግም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ። ሂጂ።»

 ከኋላችን ከቆሙት ሴቶች አንዷ የእናቴን ክንድ ይዛ ከሰልፉ አወጣቻት። ማልቀስ በዚያ በር ላይ ክልክል ስለነበር እናቴ አላለቀሰችም። የሞላውን የምሳ ዕቃ ጭኔ ላይ ይዤ ስንመለስ አወዳይ ከተማ ላይ ብዙ ነገር እያየሁ ነበር፤ ልናገር አፌን ስከፍት «ዛሬ አትይልኝ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሄድንበት ቀን ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሬሳ አልተሰጠንም፣ ለቅሶም መቀመጥ አልተፈቀደም። አዴ ሙሚና ጥቁር ለብሳ መጥታ ከእናቴ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ወለል ላይ ተቀመጠች። እናቴን የበላት ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ «ያን እሁድ በልቶ ይሆን? ረስተውኛል ብሎ ይሆን?» እያለች ከአንድ ጥያቄ ጋር ትታገል ነበር።

በእሁዱ ግን ማለዳ ተነሥታ ምድጃ አነደደች። አዴ ሙሚና ዕቃው ሲሞላ አየችና ደነገጠች፣ «የሺ፣ ለማን ነው?» አለቻት። እናቴ ክዳኑን ገጥማ ወጣች። አእምሮዋን የሳተች መስሎኝ እያለቀስኩ ተከተልኳት። በሩ ላይ ያው ወጣት ጠባቂ ሲያያት ተቆጣ።

«ባለፈው ነገርኩሽ አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አለችው፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «ሰው የማይመጣለት አንድ ሰው እዚህ ውስጥ አይጠፋም። ለሱ ስጥልኝ።»

ጠባቂው ግራና ቀኝ አየ። ዕቃውን ከፈተ፣ ወጋ፣ ገባ። ተመልሶ ወጣና፣ «ተፈራ የሚባል አለ፣ ጎጃሜ ነው። ማን ላከልህ ልበለው?» አላት።

«እህትህ በለው።»

ሳህኑ ባዶ ሆኖ ወጣ። እናቴ ባዶውን ሳህን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ለተፈራ አንድ ዓመት ተኩል አመላለስን። በመልኩ አናውቀው፣ በድምፁ አናውቀው። እናቴ ምን እንደሚወድ ማወቅ ፈልጋ ጠባቂውን ስትጠይቀው «እስረኛ ምን ይወዳል ትላለች ደግሞ!» ብሎ ሳቀባት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ «ሽሮ ነው የናፈቀው» አላት። በዚያ ሳምንት እናቴ ሽሮውን ሦስት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ አልጣመኝም ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። በበጋ አቧራውን፣ በበልግ ኮኩን፣ በክረምት ጉሙን እያየን ወጣን ወረድን፤ አሁን እያየች የምትነግረኝ እሷ ነበረች፣ «እዪው፣ ማሽላው አፈራ» ትለኛለች፣ «እዪ፣ ያ ሰውዬ ጣሪያውን ቀየረ» ትለኛለች፤ ለማን እንደምናስቀምጠው ግን አንዳችንም አንናገርም ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ ጠባቂው ወረቀቱን ሳያይ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እናቴ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም።

«ሌላስ?» አለችው ብቻ።

እንዲህ ሆና አምስት ሰው አበላች። የሦስቱን ስም እናውቅ ነበር፣ የሁለቱን አልነገሩንም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከውጭ ምግብ ማስገባት ተከለከለ ተባለና ከበር መለሱን። አባባ ሲሞት ያልወደቀችው እናቴ የወደቀችው ያኔ ነው። እሁድ ልብሷን ለብሳ ግቢ ውስጥ ትቀመጥና መልሳ ታወልቀው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ፣ የታሰሩት ሲፈቱ፣ የአባባን አጥንት ፍለጋ ሰዎች ወደ ጠቆሙን ቦታ ሁሉ ሄድን፣ አላገኘነውም። «ስንቅ የላክሽልኝ እኔ ነኝ» ብሎ በራችንን ያንኳኳ ሰውም አልመጣም። እናቴ ሳትሰማው አረፈች፤ አዴ ሙሚናም ቀድማት ሄዳ ነበር።

ዛሬ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ሰፍቷል፣ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፣ ስፈልግ ሄጄ ሳልፈልግ እቀራለሁ። ልጆቼ አድገው ወጥተዋል፣ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ጓዳዬ ግን አይጎድልበትም። እሁድ ጠዋት ስነቃ ቶሎ አልነሣም፤ ዛሬ ማን ይጠብቀኛል ብዬ አስባለሁ፣ መልሱ ሳይመጣልኝ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ትደርሳለች። እናቴ በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሳለች፣ የእስር ቤቱ በር እስኪዘጋባት ድረስ፣ ይህን ጥያቄ አንድ እሁድ እንኳ ጠይቃ አታውቅም ነበር።