ማንም ሳያስገድደኝ

ይህ መጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ብዙ ሰው ከእኔ የባሰ አይቷል። እኔን ማንም አልመታኝም።

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። ስልኬ ውስጥ ጓደኛዬ የላከልኝ አንድ የፖለቲካ ንግግር ተገኝቶ ነበር። ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ የስንዴው አቧራ ገና ስላልለቀቀው ስንተኛ ያስነጥሰን ነበር። ንፋስ የሚገባበት በር ሥር የአዲስ ገቢ ቦታ ነበር። አንድ የአንኮበር መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር፣ «ልጄ፣ እዚህ ና፤ እኔ ብርድ ለምጃለሁ» ብለው ቦታቸውን ሰጡኝ። አልለመዱም ነበር፤ ሲንቀጠቀጡ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መርማሪው መጥቶ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ጠየቀ። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ እጄን አወጣሁ። ሥራዬ የእያንዳንዱን እስረኛ የእምነት ቃል መገልበጥ ሆነ። የፈረመ ይፈታል፣ ያልፈረመ ይቆያል። የቃሉ መዝጊያ ለሁላችንም አንድ ነበር፦ «ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ ነው።» ኅዳግ አስምሬ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው ጻፍኩ። መጀመሪያ የራሴን ጽፌ ፈረምኩ። መርማሪው አይቶ «ጎበዝ» ሲለኝ ደስ አለኝ።

የመሪጌታ ተራ ሲደርስ ዓይናቸው ደክሟልና አነበብኩላቸው። መዝጊያው ላይ አስቆሙኝ።

«ይቺን አውጣት።»

ያለሷ እንደማይፈቱ ነገርኳቸው። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ የባጃጅ ሹፌር «መሪጌታ፣ ቃል ናት እንጂ ድንጋይ አይደለችም፤ ይዋጧት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«ድንጋይ ብትሆን እውጣት ነበር» አሉ።

ከዚያ ለቆሎ ተማሪ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ማስገደድን ግእዙ አገበረ ይለዋል። ገብረ ማለት ሠራ ነው፤ አገበረ ደግሞ ሌላውን አሠራ። አስገዳጅ የራሱን ሥራ በሰው እጅ ይሠራል ማለት ነው።

«ስምዖን መስቀሉን ሲሸከም እንኳ አስገደዱት ተብሎ ነው የተጻፈው። እንዲያ ላለው ክብር እንኳ በፈቃዱ ነው አልተባለም። ለእኔ ምን ብለህ ትዋሻለህ? ተገደደ ብለህ ጻፍ።»

እጄን አየሁት። ከዚያ ሌላ ወረቀት አውጥቼ እንዳሉኝ አደረግኩ፤ መዝጊያውን «የፈረምኩት ተገድጄ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን ጠርገው ፈረሙ።

መርማሪው ሲያነበው ፊቱ ተለወጠ። ማን እንደጻፈው ያውቃል፤ ቢሆንም ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት መሪጌታ ተነሡ።

«ቃሉ የእኔ ነው። ልጁ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ያስገደድኩት እኔ ነኝ።»

ለራሳቸው አንዲት መስመር መዋሸት ያልፈለጉት ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ፤ እኔም ውሸቱን ተቀበልኩ።

በማግስቱ «በፈቃዴ» ብለን የፈረምነው ወጣን፤ መሪጌታ ቀሩ። የሚፈታ ሰው ብርድ ልብሱን ለሚቀረው መተው የመጋዘኑ ልማድ ስለነበር የእኔን ለእሳቸው ተውኩ። በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ይሞቃል። በል ሂድ፣ ተማር» አሉኝ።

እየተማርኩ ነው። የዩኒቨርሲቲው ጓደኞቼ ምን አደረጉህ ሲሉኝ ምንም እላለሁ፤ እውነት ነው። ግን «በፈቃዴ» የሚል ወረቀት ስፈርም እጄ ይዘገያል። እሳቸው ብርድ ልብሱን ለሌላ ትተው የወጡት እኔ ከወጣሁ ከወራት በኋላ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።